የአኳሪየምዎን ወለል ከመደልደልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በአኳሪየም ውስጥ ካሉት ነገሮች አብዛኞቹ ይለወጣሉ። መብራቱ ቢደክም ሌላ ይገዛል፤ ፊልትሩ ቢጮህ ተፈትቶ ይታጠባል፤ ከሌሎቹ ጋር ያልተስማማ ዓሣ ለወዳጅ ይሰጣል። ወለሉ ግን እንዲህ አይደለም። ጠጠሩ ተነጥፎ ተክሉ ሥር ከሰደደ በኋላ ከታች ያለውን መለወጥ ቤትን ከመሠረቱ አፍርሶ እንደ መሥራት ነው፤ ዓሣው በባልዲ፣ ተክሉ በሳፋ፣ ጭቃው በየቦታው። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ሳልፈትነው ያስገባሁት አሸዋ ውሃውን አበላሸው፤ በሁለተኛው ከጠጠሩ ሥር የቀበርኩት የማሞቂያ ኬብል ሥራ አቆመ። ስለዚህ ተክል ያለበት አኳሪየም ለመጀመር ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ስለ ዓሣና ስለ መብራት ከማውራቴ በፊት ስለ ታችኛዋ ስድስት ሳንቲ ሜትር አወራለሁ።

ለስሌት እንዲመቸን አንድ ገንዳ በምሳሌነት እንያዝ። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል።

ሊሞቅ የሚገባው ውሃው ነው ወይስ ወለሉ?

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሻጮች ግን ብዙ ጊዜ አንድ አድርገው ይናገሯቸዋል። ውሃውን የሚያሞቀው በመስታወት ቱቦ ውስጥ የተቀመጠውና ቴርሞስታት ያለው የተለመደው ማሞቂያ ነው። የወለል ማሞቂያ የሚባለው ደግሞ በሲሊኮን የተሸፈነ ቀጭን ኬብል ሲሆን፣ በገንዳው መስታወት ላይ እየተጠማዘዘ ይዘረጋና ጠጠር ይለብሳል። ዋና ዓላማው ዓሣውን ማሞቅ አይደለም። በጠጠሩ መካከል ያለውን ውሃ በቀስታ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ለሥሩ ምግብ ማድረስ ነው።

በአዲስ አበባ ውሃ ማሞቅ ቅንጦት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የውጭው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቤቶቻችንም ማሞቂያ የላቸውም። አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሦችና ተክሎች የሚመቻቸው ከ23 እስከ 27 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይህን ለማግኘት ለእያንዳንዱ ሊትር አንድ ዋት ገደማ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌያችን ገንዳ 100 ዋት ማለት ነው። የወለል ኬብል ግን ኃይሉ ሆን ተብሎ አነስተኛ ነው። 25 ዋት ኬብል ብቻውን 112 ሊትር ውሃ በአዲስ አበባ ሌሊት 25 ዲግሪ ላይ አያቆይልዎም። ስለዚህ ኬብል የገዛ ሰው ዋናውን ማሞቂያ መግዛቱ አይቀርም። «ይህን ከገዛህ ሌላ አያስፈልግህም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ሂሳቡን በዚህ ያስሉት።

ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ የሚኖሩ ከሆነ ጥያቄው ይገለበጣል። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ለእነዚህ ከተሞች የወለል ኬብል ጭራሽ አያስፈልግም፤ ገንዘቡን ለማራገቢያና ለአየር መንፊያ ያውሉት።

መብራት ሲጠፋስ? የ112 ሊትር ውሃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለማሳደግ 130 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል። ይህ ማለት 100 ዋት ማሞቂያ የጠፋችውን አንዲት ዲግሪ ለመመለስ፣ በመካከሉ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የሚበጀው ሙቀቱ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ከገንዳው ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ያንጥፉ፤ የኋላውን መስታወትም በፎም ይሸፍኑት፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ከሥር የሚነጠፈው ፎም ሌላም ጥቅም አለው። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የጠጠሩ ሙቀት ከላይ ካለው ውሃ የሚያንሰው ከታች በኩል በጠረጴዛው ስለሚባክን ነው፤ ፎሙ ይህን ይከላከላል። ለኬብል ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ «ሥሩ እንዳይበርደው» የሚለው ነው። ይህን ያለ ምንም ኤሌክትሪክ የሚፈታው ያ ርካሽ ፎም ነው።

የኬብሉ ሐሳብ ከየት መጣ?

ኬብሉ ዝም ብሎ የተፈጠረ የንግድ ዕቃ አይደለም፤ ከጀርባው ልብ የሚስብ ታሪክ አለው። ካስፓር ሆርስትና ሆርስት ኪፐር የተባሉ ጀርመናውያን፣ ዱፕላ በተባለው የአኳሪየም ዕቃ ድርጅት ስማቸው የሚታወቅ፣ ክሪፕቶኮሪን የሚባሉት ተክሎች በተፈጥሮ የሚበቅሉባቸውን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጅረቶች ሄደው አጠኑ። ከወንዙ አልጋ ሥር የከርሰ ምድር ውሃ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሰርጋል፤ የሟሟ ብረትና ሌላ ማዕድን ተሸክሞም በተክሎቹ ሥር መካከል ያልፋል። ይህን በመስታወት ገንዳ ውስጥ እንዴት መድገም ይቻላል? ከታች ብናሞቀው የሞቀው ውሃ ይቀልላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል፤ ስለዚህ ሥሩ ምግብ ያገኛል አሉ። ሐሳባቸውን የያዘው «ዘ ኦፕቲመም አኳሪየም» የተባለው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ኬብል የሌለው ገንዳ ጎደሎ እስኪመስል ድረስ ብዙ ሰው ተከተላቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ጅረት ሥሩን የመገበው የውሃው ፍሰት እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ሙቀት የተመረጠው ፍሰቱን ለመቅዳት ነው። ታዲያ በገንዳችን ውስጥ በርግጥ ፍሰት ያመጣል?

መልሱ የሚገኘው በጠጠሩ መጠን ነው። ውሃ በጠጠር መካከል የሚያልፍበት ቅለት ከጠጠሩ ስፋት ካሬ ጋር ይሄዳል። 3 ሚሊ ሜትር ጠጠር ውሃ የሚያሳልፈው ከ1 ሚሊ ሜትር አሸዋ 9 እጥፍ ነው። በደቃቅ አሸዋ ውስጥ ከኬብሉ የሚወጣው ሙቀት ውሃውን ከማንቀሳቀሱ በፊት በራሱ በአሸዋው በኩል ሾልኮ ይወጣል፤ አሸዋው ይሞቃል፣ ውሃው ግን ባለበት ይቀራል። በትልልቁ ጠጠር ደግሞ ፍሰት ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለው ጠጠር ውስጥ የፊልትሩ ሞገድ ራሱ ከላይ ገብቶ ውሃውን ይለዋውጣል። ኬብሉ ያስፈልገዋል የተባለው አሸዋ ኬብሉን መጠቀም አይችልም፤ መጠቀም የሚችለው ጠጠር ደግሞ አያስፈልገውም። እኔን ከኬብል ያራቀኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ተክሉም ቢሆን ዝም ብሎ አይጠብቅም። የውሃ ተክል ከቅጠሉ የሚያገኘውን ኦክስጅን በሥሩ በኩል ወደ አፈሩ ያፈሳል፤ በዙሪያው ያለውን አፈር በራሱ ያስተነፍሳል። ከዚያ ቀለበት ውጭ ያለው ኦክስጅን የሌለበት አፈር ደግሞ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ብረት በውሃ ሟሙቶ ሥሩ ሊወስደው የሚችለው ኦክስጅን በሌለበት ነው፤ ኦክስጅን ሲበዛ ዝጎ ጠጣር ይሆናል። መጥፎ የሚሆነው ልክ ሲያልፍ ነው፤ አፈሩ ይጠቁራል፣ ሲነካም የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ይህን የሚከላከሉ ሾጣጣ ቅርፊት ያላቸው ሜላኖይደስ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎችም አሉ፤ ቀን ጠጠሩ ውስጥ ተቀብረው ውለው ማታ ይወጣሉ፣ በዚያው ወለሉን ያርሱታል። ኤሌክትሪክ አይፈልጉም።

ዳያና ዋልስታድ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው «ኢኮሎጂ ኦቭ ዘ ፕላንትድ አኳሪየም» በተባለው መጽሐፍ የምታስተምረው አሠራር ተራ አፈር ከታች፣ ጠጠር ከላይ፣ ከመስኮት የሚገባ ብርሃንና ብዙ ተክል ነው። ኬብል በዚያ አሠራር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ተክሉ ግን ይለመልማል። እኔም ኬብሉ ከተቋረጠ በኋላ ለወራት ሳላውቅ ነው የቆየሁት። ያስነቃኝ ተክሉ ቢሆን ኖሮ ሐሳቤ ሌላ ይሆን ነበር። ያወቅሁት ግን ገንዳውን ልጠግን ሶኬቱን ስፈትሽ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለአፈሩና ለጠጠሩ ያውሉት፤ ኬብሉ ይቅር።

እንዲህም ሆኖ ኬብል ለመግዛት ከወሰኑ

ቢያንስ እነዚህን ይጠብቁ። ኬብሉ ረዘመብኝ ብለው በፍጹም አይቁረጡት። ግማሹ ሲቆረጥ መቋቋሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚስበው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ያ እጥፍ ኃይል ግማሽ በሆነ ርዝመት ላይ ስለሚያርፍ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር አራት እጥፍ ትግላለች። ሲሊኮኑ ይህን አይችልም። ሲዘረጉት አንዱን በሌላው ላይ አያሳልፉት፤ ከጠጠር ውጭ ወይም ከውሃ ውጭ ሆኖ እንዳይበራ ያድርጉ። በ220 ቮልት በቀጥታ ከሚሠራው ይልቅ በትራንስፎርመር ወደ ዝቅተኛ ቮልት ወርዶ የሚሠራውን ይምረጡ፤ እጅዎን በየጊዜው የሚያስገቡበት ውሃ ነውና። የራሱ ቴርሞስታት ወይም መቆጣጠሪያ ይኑረው። በጠጠሩ ሥር ፊልትር ካለዎ ኬብል አያስፈልግም፤ ፓምፑ ውሃውን በጠጠሩ በኩል እየሳበ ኬብሉ ቀስ ብሎ ሊሠራ ያሰበውን በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ኬብል ባይገዙም ይመለከትዎታል። የቤትዎ ኧርዝ በትክክል መሠራቱን በባለሙያ ያስፈትሹ። ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከር ያስገጥሙ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ይመለስ፤ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ እዚያ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይሄድም። ማከፋፈያውን ከገንዳው ሥር መሬት ላይ አያስቀምጡ። ውሃ ሲቀይሩ ማሞቂያውን አስቀድመው ይንቀሉ፤ ሞቆ ሳለ ከውሃ የወጣ የመስታወት ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ወጪውንም ይቁጠሩት። 25 ዋት ኬብል ቀንና ሌሊት ቢበራ በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ይህ ዋናው ማሞቂያ፣ መብራቱና ፊልትሩ በሚቆጥሩት ላይ የሚጨመር ነው።

ጠጠሩን በአቼቶ ሳይፈትኑ አያስገቡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በመጀመሪያው ገንዳዬ ውስጥ ያስገባሁት ለግንባታ የመጣ አሸዋ ነበር። ንጹሕ ይመስላል፤ ሦስት ቀን አጥቤዋለሁ። በውስጡ ግን ነጫጭ የቅርፊት ስብርባሪ ነበረበት። ቅርፊት ኖራ ነው፤ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ የውሃውን ጥንካሬ ይጨምራል፣ የአሲድነት መለኪያውን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል። ፒኤቹ ሲወጣ ብረቱ ለተክሉ የማይደረስ ይሆናል። በሁለተኛው ወር አዳዲሶቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ፣ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ሆነው መውጣት ጀመሩ። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ መብራት ቀየርኩ። ጥፋቱ ግን ከታች ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ እፍኝ ደረቅ ጠጠር በሳህን ላይ አድርገው አቼቶ ያፍስሱበት፤ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ። ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከተነፋነፈ ወይም አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ለዚህ ሥራ አይሆንም። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ጥቂት ኖራ ሊያመልጠው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና ይጨምሩ። የውሃውን ጥንካሬ ይለኩና ጠጠሩን በዚያው ውሃ በማሰሮ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያቆዩት፤ ከዚያ መልሰው ይለኩት። ቁጥሩ ከጨመረ ይጣሉት። እብነ በረድ ስብርባሪማ ሳይፈተንም አይሆንም፤ እሱ ራሱ ኖራ ነው። ቀለም የተቀባ ጠጠርም ይቅርብዎ፤ በጥፍር ሲፋቅ የሚላጥ ከሆነ በውሃ ውስጥም ይላጣል።

መጠኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጠርዙ የተድቦለቦለ ይሁን። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው አሸዋ ይጠቀጠቃል፤ ከ5 በላይ የሆነው ደግሞ የዓሣው ምግብ በመካከሉ እየገባ ይበሰብሳል፣ ትንንሽ ተክልም አይዝለትም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ወንፊት ብቻ ነው፤ አንዱ ደቃቁን የሚያሳልፍ፣ አንዱ ትልልቁን የሚያስቀር።

ለመንገድና ለግቢ የሚነጠፈውን ሬድ አሽ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳ ስለሚበዛበት ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፣ ቀላልም ነው። ጠርዙ ግን ስለታም ነው፤ እንደ ኮሪዶራስ ያሉ መሬት የሚጭሩ ዓሦችን ጢም ሊጎዳ ይችላል። ተሰብሮና ተነፍቶ ከታች ቢሆን፣ ከላይ ለስላሳ አሸዋ ቢለብስ ጥሩ ነው። ፑሚስ የሚባለው ሌላው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ውሃ እስኪጠጣ ይንሳፈፋል፤ አስቀድመው ይዘፍዝፉት።

ጥልቀቱ ከፊት 5፣ ከኋላ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለዓይንም ለሥርም ይመቻል። በአማካይ 6.5 ብንል የምሳሌያችን ገንዳ 18 ሊትር ጠጠር ያስፈልገዋል፤ 27 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃውና መስታወቱ ሲጨመሩ ጠቅላላው ክብደት 140 ኪሎ ይደርሳል። ጠረጴዛው ይህን ይችላል? ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ነው? ውሃ ከመግባቱ በፊት በውሃ ልክ ያረጋግጡት።

ቀይ አፈር፣ መረሬ ወይስ የሚገዛው?

ከጠጠሩ ሥር ምን ይሁን? ዱፕላዎች ከኬብላቸው ጋር ላተራይት ይሸጡ ነበር። ላተራይት በሞቃትና ዝናባማ አገር ለዘመናት ታጥቦ የቀረ፣ በብረትና በአሉሚኒየም የበለጸገ ቀይ አፈር ነው። ስሙን ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ፍራንሲስ ቡካናን እ.ኤ.አ. በ1807 ሲሆን፣ በደቡብ ሕንድ ሰዎች እየቆረጡ ቤት ሲሠሩበት አይቶ ጡብ ከሚለው የላቲን ቃል ወሰደው። እኛም ቀይ አፈር አናጣም፤ የጅማንና የወለጋን መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል። በትክክል ያው ላተራይት ባይሆንም ቀለሙን የሰጠው ያው ብረት ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቀይ አፈር የብረት ጎተራ እንጂ ሙሉ ምግብ አይደለም። ናይትሮጅን ከዓሣው፣ የቀረው ከማዳበሪያ ይመጣል።

መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሌላ ባሕርይ አለው። ንጥረ ነገር ይዞ በማቆየት ከቀዩ ይበልጣል፤ ሆኖም ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲነካ ውሃውን ለቀናት ያደፈርሳል፤ በውስጡ ነጭ የኖራ እንክብል ሊኖርበትም ይችላል። ካስገቡት በጣም ስስ ይሁን፣ አስቀድሞም በአቼቶ ይፈተን።

የጓሮ አፈር የሚጠቀሙ ከሆነ ቸኩለው አያስገቡት። ይንፉት፤ በውሃ ለሁለት ቀን ይዘፍዝፉት፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ገለባና ቅጠል ያስወግዱ፤ ውሃውን ደፍተው አፈሩን በፀሐይ ያድርቁት። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙ። በእያንዳንዱ ዙር የሚበሰብሰው ያልቃል፣ ጨውና አሞኒያ ታጥቦ ይሄዳል። የበጋ ፀሐይ ለዚህ ጥሩ ናት። ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይንጠፍ፣ በላዩ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይልበስ። ትኩስ ፍግ፣ ያልበሰለ ኮምፖስት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእርሻ የሚሸጠው ዩሪያና ዳፕ ወደ ገንዳ አይግባ። ዩሪያ በውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አንድ ቁንጥር ዓሣዎን በሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ይህን የምለው «ለበቆሎ የሚሆን ለዚህስ ለምን አይሆንም» ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ስላሉ ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጥራጥሬ አፈር በስፋት የታወቀው በጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ምክንያት ነው። አማኖ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ኤዲኤ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፣ በ2015 አረፈ። የተፈጥሮን መልክ በመስታወት ውስጥ የማሳየት ጥበብን ለዓለም ያስተማረ ሰው ነው። እንዲህ ያለው አፈር ተጠብሶ እንደ ጥራጥሬ የተሠራ ነው፤ ምግብ አለው፣ ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል፣ ውሃውን ያለሰልሳል። አይታጠብም፤ ከታጠበ ይፈርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ስለሚለቅ በዚያ ጊዜ ዓሣ አይገባም፤ ዓሣ የሚገባው አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ መሆናቸው በመለኪያ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ፒኤች የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። የሚደክምበት ፍጥነት በቧንቧዎ ውሃ ይወሰናል። አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ከግድቡ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። ጎረቤትዎ የተሳካለት አፈር ሌላ ሰፈር ላይሳካ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ውሃ ይለኩ።

ብዙ ሳይደክሙ ጥሩ ውጤት ለሚፈልግ ጀማሪ ግን የምመክረው ከዚህ ሁሉ ቀላሉን ነው። በአቼቶ የተፈተነ ንጹሕ ጠጠር ያንጥፉና ከሥሩ አጠገብ በየሁለት ሦስት ወሩ የሚቀበር የማዳበሪያ እንክብል ይጠቀሙ። ቢሳሳቱ እንኳ የሚያፈርሱት ነገር የለም።

ተክሉ ሥሩን ለምን ይፈልገዋል?

ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ሞስ ከወለሉ ምንም አይፈልጉም፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ በክር ይታሰራሉ። የአኑቢያስና የጃቫ ፈርን ወፍራም አግዳሚ ግንድ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። እነዚህን ብቻ ለማሳደግ ካሰቡ ስለ አፈር ያነበቡትን ሁሉ ይተዉት። ክሪፕቶኮሪን፣ አማዞን ሶርድና ቫሊስኔሪያ ግን ከሥራቸው በብዛት ይመገባሉ፤ አፈሩ የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው። ክሪፕቶኮሪን ሲዛወር ቅጠሉ ሁሉ ሊሟሟ ይችላል። አይንቀሉት፤ ሥሩ ከቆየ ከሳምንታት በኋላ መልሶ ያበቅላል።

በቅርጫት የመጣ ተክል ቅርጫቱና በሥሩ ዙሪያ ያለው ጥጥ መሰል ነገር ይውጣለት፤ ረጃጅሙ ሥር በመቀስ ይከርከም። ለመትከል ረጅም ወረንጦ ይጠቀሙ። ውሃው ከጠጠሩ በላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ይትከሉ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ሳህን አስቀምጠው ውሃውን በሳህኑ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ። አፈሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

ተክልዎ ከየት መጣ? በመጨረሻስ የት ይሄዳል?

ከሐይቅ ዳር ነቅሎ ማምጣት ቀላል ይመስላል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ስለ ቢልሃርዚያ ያስቡ። በጣናና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኙ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች፣ በተለይ ባዮምፋላሪያ የሚባለው ጠፍጣፋና የተጠቀለለ ቅርፊት ያለው፣ የበሽታውን ተውሳክ ተሸካሚዎች ናቸው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ ወደ ሰው የሚገባውም በቆዳ ነው። በቅጠል ላይ የተጣበቀ አንድ ቀንድ አውጣ ወደ ሳሎንዎ ከገባ እጅዎን የሚያስገቡበት ውሃ ያው የሐይቁ ውሃ ሆነ ማለት ነው። ልጆችም በዚያ ውሃ ይጫወታሉ። ተክል ከታመነ አሳዳጊ ወይም ሻጭ ይግዙ፤ ከገዙም በኋላ ለብቻው በባልዲ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ቀንድ አውጣና እንቁላሉን ይልቀሙ።

ተክሉ በመጨረሻ የት መሄድ እንደሌለበት ደግሞ እምቦጭ ያስተምረናል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከአገር አገር የተዛመተው አበባው ስላማረ ሰው ለጌጥ ይዞት ስለሄደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል፤ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ በእጃቸው እየነቀሉ እስከ ዛሬ ይታገሉታል። በገንዳችን ውስጥ የምናሳድጋቸው ብዙዎቹ ተክሎችም ከሌላ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ከአንዲት ቁራጭ ግንድ የሚባዙ አሉባቸው። ስለዚህ ተክል ሲከረክሙም ሆነ ገንዳዎን ባፈረሱ ቀን ውሃውን በአበባዎ ላይ ያፍስሱት፤ ጠጠሩን አጥበው ያስቀምጡት፤ ተክሉን ግን እስኪደርቅ በፀሐይ ያስጡትና ይቅበሩት። ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይ፣ ወደ ሐይቅ እባክዎ አይጣሉት።